የባሊ ማሳጅ በጎንደር፦ ከስልኩ እስከ ጋቢው

የባሊ ማሳጅ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በባለሙያው እጅ ሳይሆን በተኛው ሰው ዝምታ ነው። አውራ ጣት ትከሻ ሥር ገብቶ ዓይን እያስጨፈነ «እንዴት ነው?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው» ብሎ ጥርስ ነክሶ መተኛት እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። እዚህ ግን አይሠራም። ይህ ማሳጅ ጫናው ጠንከር ያለ ስለሆነ ልኩን ሊናገር የሚችለው የተኛው ሰው ብቻ ነው። ይሉኝታዎን ከጫማዎ ጋር በር ላይ አውልቀው ይግቡ።

ባሊ የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት። እዚያ ማሸት ሆቴል ሳይገባ በፊት የመንደር ሙያ ነበር፤ ከህንዱ አዩርቬዳም ከቻይና ባህላዊ ህክምናም የወሰደው አለ። አሠራሩ ዘይት ተቀብቶ በመዳፍ በረጅሙ ማሸትን፣ በአውራ ጣት የተወሰኑ ቦታዎችን መጫንን፣ ቆዳን በጣት አንስቶ ማንከባለልን፣ እጅና እግርን ቀስ አድርጎ መሳብን ያቀላቅላል። የታይ ማሳጅ ልብስ ተለብሶ፣ ያለ ዘይት፣ ምንጣፍ ላይ የሚሠራ ነው፤ መለጠጥ ይበዛዋል። ስዊድሽ የሚባለው ዘይት አለው፣ ጫናው ግን ላላ ይላል። ከወጌሻ ሥራ ጋርም አያምታቱት። የወለቀ ወይም የተሰበረ ነገር ካለ ቦታው ሐኪም ቤት ነው። የባሊ ባለሙያ አጥንት አይመልስም፣ አንገት አያንቋቋም። «አንገትዎን ላንቋቋልዎት?» የሚል ከገጠመዎት «አይ፣ እሱን ተወው» ይበሉት።

ስልክ ሲደውሉ

ጎንደር ውስጥ ማሳጅ የሚያገኙት በአብዛኛው ሆቴሎችና ስቲም ያላቸው የውበት ሳሎኖች ውስጥ ነው። የዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ስዊድሽ፣ ታይ፣ ሆት ስቶን፣ ባሊ» ተደርድሮ፣ ሲገቡ አራቱም አንድ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ይህን ሦስት ጥያቄ ይለየዋል። ምን ዘይት ነው የምትጠቀሙት? ቆዳ ማንከባለል አለበት ወይ? ሆድና ራስ ይሠራል ወይስ ጀርባና እግር ብቻ ነው? የሚያውቅ ሰው ሳያቅማማ ይመልሳል። «ሁሉም ያው ነው፣ ይምጡና ያዩታል» ከተባሉ ስዊድሹን በባሊ ዋጋ ሊከፍሉ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ደቂቃውን ያጣሩ። አንዳንድ ቤት «አንድ ሰዓት» የሚለው ልብስ ማውለቂያውንና እግር ማጠቢያውን ቆጥሮ ነው፤ በእጅ የሚሠራው 45 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ያርፋል። ለሙሉ ሰውነት 90 ደቂቃ ያስፈልጋል። በ60 ደቂቃ ሁሉንም ልሥራ የሚል ባለሙያ ሁሉንም ይቀባል እንጂ አያሽም። አቅምዎ ወይም ጊዜዎ ለ60 ብቻ ከሆነ ጀርባ፣ ትከሻና እግር ብለው ይወስኑ፤ ሆዱንና እጁን ይተዉት። ዋጋው ላይ 15 በመቶ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ መካተቱን፣ በቴሌብር መክፈል መቻሉንም እዚያው ይጠይቁ።

ሴት ባለሙያ ወይም ወንድ ባለሙያ የሚፈልጉ ከሆነ የሚነገረው በስልክ ነው። ደርሰው ሲጠይቁ «ዛሬ እሷ የለችም» ቢባሉ መመለስ ይከብዳል፤ ሳይወዱ የሚተኙት ማሳጅ ደግሞ ጡንቻ አያላላም። እዚህ ላይ ሳይድበሰበስ መነገር ያለበት ነገር አለ፦ ማሳጅ የሚለው ስም በየከተማው ለሌላ ሥራ መሸፈኛ ሲሆን ይታያል። ደህና ቤት ዋጋውን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ገላ መሸፈኛ ጨርቅ ያቀርባል፣ የክፍሉን በር ከውስጥ አይቆልፍም። ስልኩን ያነሳው ሰው ስለ ማሳጁ ከመናገር ይልቅ ዙሪያ ጥምጥም ከሄደ ዘግተው ሌላ ቤት ይደውሉ።

ጸጥታው

ጸጥታ በዋጋ አይመጣም፤ በቀን፣ በሰዓትና በክፍል ይመጣል። ሆቴሉ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ክፍሉ ዋናው መንገድ ዳር ከሆነ የባጃጅ ጡሩምባ ጆሮዎ ሥር ነው። የጓሮውን ክፍል ይጠይቁ፤ ግን ጄኔሬተሩ የት እንደቆመ መጠየቅዎን አይርሱ። ጓሮ ማለት ብዙ ጊዜ የጄኔሬተሩ ጎረቤት ማለት ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።

እሁድና በዓል ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ስላለ፣ ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ቀን ስለሆነ አይመረጡም። ጥርን በሙሉ ይጠንቀቁ። ሠርጉ ከጥምቀት ጋር ይገጥማልና ሙሽሮችና ሚዜዎች ሳሎኑን ይይዙታል፣ እልልታው ማሳጅ ክፍል ድረስ ይሰማል። ጥር 10 እና 11 ከተማው በእንግዳ ተጥለቅልቆ ሳለ ጸጥ ያለ ቦታ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ጥሩው ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ነው። ያን ሰዓት የባለሙያው እጅ አልደከመም፣ ፎጣውም አልተጋራም።

የቀጠሮዎ ዕለት ጠዋት መልሰው ደውለው አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጡ፦ «ውሃና መብራት አለ?» ውሃ ከሌለ እግር መታጠቡም፣ ከማሳጁ በኋላ የሚቀባውን የቅመም ልቁጥ (ቦሬ ይባላል፣ ከታች ይመጣል) ማጠቡም፣ ሻወሩም ይቀራል። መብራት ከሌለ ስቲሙ ይቀዘቅዛል። ቀኑን መቀየር በሃይላንድ ውሃ ከመለቅለቅ ይሻላል።

መሄድ የሌለብዎት ጊዜ

አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና አሞዎት ከሆነ አይታሹ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ማሸት ደግሞ ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ከረጅም የአውቶቡስ ጉዞ በኋላ «እግሬ አበጠ፣ ልታሽ» የሚሉ ሰዎች በተለይ ይህን ልብ ይበሉ። ትኩሳት፣ ጭርት፣ እከክ፣ ያልዳነ ቁስልና በቅርብ የተደረገ ቀዶ ጥገና ማሳጅን ይከለክላሉ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ ያልተስተካከለ ደም ግፊት ያለባቸው፣ ካንሰር እየታከሙ ያሉ ሰዎች መጀመሪያ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ነፍሰ ጡር ሴት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይለፏት፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን በሆዷ አትተኛም፣ ለነፍሰ ጡር ማሸት የተማረ ባለሙያ ያስፈልጋታል።

ከስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ የሚመለሱ ሰዎች ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መጥተው በዚያው ቀጥታ ማሳጅ ቤት መግባት ይወዳሉ። ቁልቁለት የወረደ ጭን የሚብሰው በማግስቱና በሠልስቱ ነው፤ በጉዞው ዕለት በጠንካራ ጫና ማሸት ያን ሕመም ሊጨምረው ይችላል። በዚያው ቀን መሄድ ካለብዎት «ጭኔን በመዳፍ ብቻ፣ ጣት አይግባበት» ይበሉ። ጀርባና ትከሻ ላይ ቦርሳው ያሳረፈውን ግን እንደፈለጉ ያሳሹ።

ምግብን በተመለከተ ከበሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይቆዩ። በሽሮና በእንጀራ የሞላ ሆድ ይዞ 40 ደቂቃ በሆድ መተኛት ቃርና ግሳት ነው። ባዶ ሆድም መፍትሔ አይሆንም። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ከጾሙ መፍቻ በፊት አይሂዱ፤ ሲነሱ ያዞርዎታል። ጾሙን ፈትተው ቀለል ያለ ነገር ቀምሰው ለ11 ሰዓት ቢቀጠሩ ይስማማል። የቆረቡ ዕለትማ መታጠቡም ዘይቱም ስለማይሆን ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ያድርጉት። ቡናውን ከማሳጅ በኋላ ያፍሉት፤ ልብ እየመታ ጡንቻ አይላላም።

ምን ለብሶ፣ ምን ይዞ

ነጭ ልብስ አይልበሱ። ዘይቱ ነጠላን ያጎድፋል፣ ቦሬው ቅመም ውስጥ ያለው እርድ ደግሞ ቢጫ አድርጎ ይቀራል። ጠቆር ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ቢበላሽ የማይቆጭ ልብስና ቅያሪ የውስጥ ልብስ ይያዙ፤ አንዳንድ ቤት አንዴ ተለብሶ የሚጣል የውስጥ ልብስ ይሰጣል። ሐብል፣ ቀለበትና ሰዓት ቤት ይቅር። ማተብ አይወልቅም፤ ግን ዘይት እንዳይጠጣ ባለሙያዋ ወደ ላይ ሰብስባ እንድትይዘው ይንገሯት። ሹሩባ የተሠራች ሴት «ራሴን አትንኪው፣ አንገቴ ላይ አቁሚ» ካላለች የግማሽ ቀን ሥራ በአምስት ደቂቃ ይፈርሳል። በዚያው ቀን የተላጨ እግር ወይም ጢም ላይ ዘይትና ቅመም ያቃጥላል፤ መላጨቱ ከአንድ ቀን በፊት ይለቅ።

ስቲም ካለ ከማሳጁ በፊት ነው፣ በኋላ አይደለም። 10 ደቂቃ ይበቃል። ወጥተው ውሃ ጠጥተው፣ ላብዎ እስኪደርቅ ሌላ 10 ደቂቃ ይቀመጡ፤ በላብ ላይ ዘይት አይይዝም። በነገራችን ላይ ጎንደር ለእንፋሎት እንግዳ አይደለችም፤ ፋሲል ግቢ ውስጥ የነገሥታቱ የእንፋሎት መታጠቢያ ፍርስራሽ ዛሬም አለ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች

ይሉኝታ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ልብስዎን ሳያወልቁ፣ ቆመው ወይም እግርዎን እየታጠቡ ሳለ አራት ነገር ይናገሩ፦ የት እንደሚያምዎት፣ የት እንዳይነካ እንደሚፈልጉ፣ ያለብዎትን ሕመምና የሚወስዱትን መድኃኒት፣ እንዲሁም ኮኮናት፣ ሰሊጥ ወይም ሌላ ዘይት የማይስማማዎት እንደሆነ። ከዚያ ስለ ጫናው በቁጥር ይስማሙ። «ከአሥር ስድስት ላይ ያዢልኝ፣ ሰባት ሲደርስ እነግርሻለሁ» ማለት «መካከለኛ» ከማለት ይሻላል፤ የጎረምሳ መካከለኛና የእናት መካከለኛ አይገናኝም። ባለሙያዋ በዕድሜ ታናሽም ብትሆን «እህቴ» ብሎ መጀመር ነገሩን ያቀላል።

ተኝተው ሳለ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ቀስ»፣ «ጠንከር»፣ «እዚህ ጋ ቆይ»፣ «በቃ፣ እለፊው» ይበቃሉ። ጫናው በዝቶ እንደሆነ የሚያሳብቀው ትንፋሽዎ ነው። ሳያውቁት ትንፋሽዎን ከያዙ፣ ጣትዎን ከጨበጡ ወይም እግርዎ ከተወጠረ ከሰባት አልፏል። ጡንቻ ራሱን ለመከላከል ሲጠነክር የሚታሸው መከላከያው ነው፤ በማግስቱ የሚተርፍዎት ሰንበር ነው።

አልጋው ላይ

ዘይቱን ከመቀባትዎ በፊት ይዩት። ንጹህ የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ቢገኝ አልተበላሸም። የሚቀልጠው ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አቁሞ አምስት ደቂቃ በማቆየት ነው። ባለሙያዋ መጀመሪያ በራሷ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ መሞከር አለባት። በመዳፏ ፈጭታ ልታቀልጠው ከሞከረች ጀርባዎ ላይ ቀዝቃዛ ጓል ይቀራል። ብዙ ቤት የሰሊጥ ዘይት ይጠቀማል፤ የመተማና የሁመራ ሰሊጥ በሚያልፍበት አገር ይህ ጥሩ ምርጫ ነው። አይረጋም፣ ቆዳም ይጠጣዋል። የማይመረጠው የሕፃናት ዘይት ነው። ቆዳ ላይ ስለሚንሳፈፍ አውራ ጣት ይንሸራተታል፣ የባሊው ጫና ደግሞ ያለ መያዣ አይሠራም። ዘይት ሲያንስም ችግር ነው፤ ጸጉራም ደረትና እግር ላይ ጸጉሩ ይጎተታል፣ በማግስቱ ቀያይ ነጠብጣብ ይወጣል። ሲጎትትዎት «ዘይት ጨምሪ» ይበሉ።

ሥራው በእግር እጥበት ይጀምራል፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ ባሊ ላይ አበባ ይነሰነስበታል። ከዚያ በሆድ ተኝተው ከላይ እስከ ታች በጨርቅ ይሸፈናሉ። የሚገለጠው የሚታሸው ክፍል ብቻ ነው፤ ሙሉ ጨርቁ ከተነሳ መልሰው ይሳቡት። መጀመሪያ በጨርቁ ላይ በመዳፍ ይጫናል፣ ቀጥሎ ዘይት። ጀርባ ላይ ረጅሙ ስበት ከወገብ ወደ ትከሻ ይሄዳል። አውራ ጣት የሚወርደው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ነው፤ በአጥንቱ ላይ በፍጹም አይጫንም። አጥንት ላይ ጣት ከተሰማዎት ወዲያው ያስቁሙ።

ቆዳ ማንከባለሉ ለጀማሪ ያስደነግጣል። ባለሙያዋ የጀርባን ቆዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አንስታ፣ ሳትለቅ ከወገብ ወደ ላይ እያንከባለለች ትወስደዋለች። ትከሻ ሲደርስ ቆዳው ስለማይነሳ ያቃጥላል። መቃጠሉ በሁለተኛው ዙር ከቀነሰ ልክ ነው፤ ከባሰ «እሱን ተይው» ይበሉ፣ ማሳጁ ያለ እሱም ያምራል።

እግር የሚታሸው ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ፣ ወደ ልብ አቅጣጫ ነው። ከጉልበት ጀርባ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ደም ሥርና ነርቭ ስላለበት በመዳፍ ይታለፋል እንጂ አይጫንም። ቫሪኮስ፣ ማለትም ያበጠና የተጠማዘዘ ደም ሥር፣ የወጣበት ቦታም እንዲሁ። በዚህ መካከል ሁለት ነገር ይበላሻል። ፊት ማስገቢያው ቀዳዳ አፍንጫን ይዘጋል፤ ፎጣ ጠቅልለው ግንባር ሥር ያድርጉ። እጅ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሲቆይ ይደነዝዛል፤ ወደ ጎን አምጥተው ያሳርፉት።

በጀርባ ሲገለበጡ ከጉልበት ሥር ትራስ ካልገባ ወገብ ይወጠራል፤ ይጠይቁ። ሆድ በክብ ይታሻል፣ ከቀኝ ጎን ወደ ላይ፣ ተሻግሮ በግራ ጎን ወደ ታች፤ አንጀት የሚሄድበት መንገድ ስለሆነ በተቃራኒው አይደረግም። ሆዱን ካልፈለጉ መተው ነውር የለውም። እጅ፣ መዳፍ፣ አንገትና ራስ ይከተላሉ። ራስ ላይ ጸጉርን ከሥሩ ጨብጦ ቀስ ብሎ መሳብ አለ፤ ብዙ ሰው የሚያንቀላፋው እዚያ ላይ ነው።

ቦሬ

ባሊ ውስጥ የሩዝ ገበሬዎች በዝናብና በጭቃ ውለው ሲገቡ ለሚበርዳቸውና መገጣጠሚያ ለሚያማቸው የሚቀቡት የቅመም ልቁጥ ቦሬ ይባላል። እውነቱን ለመናገር ለጎንደር ክረምት ከማሳጁም ይልቅ የሚስማማው እሱ ነው፤ ቅመሙም ከኛው ገበያ አይጠፋም። ቤቱ ከሌለው ይዘው ይሂዱ። 4 የሾርባ ማንኪያ የሩዝ ዱቄት፣ የፎገራውን ሩዝ ሸርከት አድርጎ ማስፈጨት ይበቃል፤ 1 የሾርባ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት፤ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ፤ ሩብ የሻይ ማንኪያ ገውዝ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ። በለብታ ውሃ ይለወሳል፤ ውፍረቱ ከገንፎ ቀጠን፣ ከአጥሚት ወፈር ይበል።

ቅርንፉዱን አያብዙት፤ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ከመቀባቱ በፊት በክርን ውስጠኛው በኩል ትንሽ ቀብተው 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከቀላ ወይም ካሳከከ ይቅር። ፊት፣ ጡት፣ ብልት አካባቢና የተቧጨረ ቦታ ላይ አይነካም። ጀርባ፣ እግርና እጅ ላይ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ጫፍ ጫፉ ሲደርቅ በእጅ እየታሸ ይረግፋል፣ የቀረው በለብታ ውሃ ይታጠባል። ሙቀቱ ቀስ እያለ የሚመጣ ስለሆነ «ምንም አልተሰማኝም» ብለው ድጋሚ አያስቀቡ።

ሲጨርሱ

ብድግ አይበሉ። ወደ ጎን ዞረው፣ በእጅዎ ተደግፈው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ። ዘይት ያለበት እግር ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፤ ነጠላ ጫማ ሳያደርጉ አይቁሙ። ባሊ ላይ ዝንጅብል ወይም ጠጅ ሳር የገባበት ሻይ ይቀርባል፤ እኛም ጋ ሁለቱም አሉ። «መርዙ እንዲወጣ ውሃ ይጠጡ» ሲባል ይሰማሉ፤ ማሳጅ መርዝ አያወጣም። ውሃውን ስለጠማዎት ይጠጡት።

ጉርሻ መስጠት ከፈለጉ ለባለሙያዋ በእጇ ይስጧት፤ ካሸሩ ላይ የተቀመጠ ገንዘብ ሁልጊዜ እሷ ጋ አይደርስም።

ዘይቱ ቆዳ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቢቆይ ይጠቅማል፣ ከዚያ በለብታ ውሃ ይታጠቡ። ማታ ከወጡ ጋቢ ይደርቡ። ምች ብለው ይጥሩት አይጥሩት፣ የሞቀ ገላ ይዞ የጎንደር ማታ ነፋስ ውስጥ በባጃጅ መሄድ የተፈታውን ትከሻ መልሶ ይቋጥረዋል።

በማግስቱ ስፖርት የሠሩ ያህል ቀለል ያለ ሕመም ቢኖር ልክ ነው፣ በሁለት ቀን ይጠፋል። ሰንበር ከወጣ ጫናው በዝቶ ነበር፤ ለሚቀጥለው አምስት ላይ እንዲያዝ ይናገሩ። መደንዘዝ፣ እጅ ወይም እግር ላይ የኃይል ማጣት፣ ወይም የማያባራ ራስ ምታት ከመጣ ግን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አንገትና ትከሻው ለደረቀ የቢሮ ሠራተኛ በሁለት ሳምንት አንዴ በቂ ነው።

እርድ ልብስ ላይ ካረፈ መጀመሪያ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ዘይቱን ያስለቅቁት። ኦሞ ሲነካው ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ አይደንግጡ፣ እርድ ሳሙና ሲያገኝ የሚያደርገው ነው። ደጋግመው ካለቀለቁ በኋላ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ከእርድ ጋር የሚችለው ፀሐይ ነው፣ በአንድ ቀን ካልለቀቀ በማግስቱ ደግመው አርጥበው ያውጡት።